ባዶውን የማይጨስ መኪና

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም

ጧት የገባ፦ ማሾ ሠላሳ አንድ ኩንታል። የተመለሰ፦ አራት ኩንታል፣ ጠጠር የበዛበት። የወጣ፦ ሽንኩርት ስልሳ ሳጥን፣ ወደ አዲስ አበባ። በር ላይ የቆመ መኪና፦ የለም።

ለወንድም ጋሼ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከላይ ያለውን የጧት ቆጠራ ይለፉት፤ ወረቀቱን የገነጠልኩት ከዕለት ማስታወሻዬ ነው፤ አዲስ ወረቀት ፍለጋ ብወጣ ሐሳቤን እቀይራለሁ ብዬ ፈራሁ።

ትንፋሽዎ እንዴት ሰነበተ? የልጅዎን የፈሪሃን ፎቅ ደረጃ ስንት ጊዜ አርፈው ይወጡታል? እርስዎ አራት ጊዜ ብለውኛል፤ እሷ ግን ስድስት ነው ትላለች። ማንን ልመን? ሌሊት ትራስ ደርበው ነው የሚተኙት ወይስ ዝቅ ብለው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሮቢት እንደሚያውቋት ናት፤ ጥርም ሆኖ ከቀትር በኋላ ከባጃጅ በቀር መንገድ ላይ የሚታይ የለም። ማሾው ዘንድሮ ፍሬው ሞላ ያለ ነው። ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም ይሉዎታል፤ እትዬ ራቢዓ ደግሞ እኔ ዱዓዬን አላቋርጥም፣ እርስዎም መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ ብላለች።

ይህን ነገር በስልክ ያልነገርኩዎት አስቤበት ነው። በስልክ ብነግርዎ ግማሹን ሳልጨርስ ይቆጣሉ፤ ሲቆጡ ሳልዎ ይነሳል፤ ሳልዎ ሲነሳ እኔ ወሬ እቀይራለሁ። ደብዳቤ አይቋረጥም። እንግዲህ ቁጭ ይበሉና ዋናውን ከፊት ልንገርዎ፦ ሸጋው፣ ያ መኪናዎ፣ የለም። ማክሰኞ ዕለት ኮምቦልቻ ላይ፣ ዓይኔ እያየ፣ ሞተሩ ተበሳ፤ ሻንሲው ሁለት ቦታ ተቆረጠ። ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

አሁን ውሃ ይጠጡ፤ ከዚያ ይቀጥሉ።

በምን ሥልጣን ይላሉ። አዲስ አበባ ሲሄዱ ቦሎ ላሳድስበት ብዬ ያስፈረምኩዎት ውክልና ላይ "ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማስወገድ" የሚል ቃል አለ። እርስዎ ሳያነቡ ፈረሙ። እኔ አንብቤ ነበር። ይቅርታ የምጠይቅዎ ለዚህ ለአንዱ ነው፤ ለሌላው አይደለም።

ማስታወቂያው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደቡ በር ላይ የተለጠፈው ኅዳር ውስጥ ነው። ፎቶ አንስቶ የላከልኝ ሐሚድ ነው፤ እርስዎ ከታመሙ ወዲህ ሸጋውን ሲነዳልን የከረመው እሱ መሆኑን ያውቃሉ። መንግሥት በወደብ የሚሰለፉ አሮጌ ከባድ መኪናዎችን ጭስ ለመቀነስ ገንዘብ መድቧል ይላል። ሃያ አምስት ዓመት ያለፈው፣ ወደቡ ላይ ሲሠራ የኖረ፣ ጭሱ ተለክቶ ከልክ በላይ የተገኘ መኪና ያለው ሰው አሮጌውን ያስረክባል፤ ለአዲስ መግዣ ድጋፍ ያገኛል፤ ቀሪውን ባንክ ያበድረዋል። አሮጌው ግን ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ባለቤቱ ፊት ይቆረጣል።

ያን ጊዜ ነግሬዎታለሁ። "ሸጋውን ለቆራጭ? እኔን አስቀድማችሁ ቁረጡኝ!" ብለው ስልኩን ዘጉብኝ። በማግስቱ ራስዎ ደወሉና ረመዳን ሳይገባ ተመልሼ መሪዬን እይዛለሁ አሉኝ። እርስዎ ይህን ሲሉ እኔ ወሰንኩ።

ምክንያቱም ያ መጋቢት ከዓይኔ አይጠፋም። ወደቡ በር ላይ ሦስት ቀን ሰልፍ። ሞተር የሚያጠፋ የለም፤ ያጠፋ ሰው ባትሪው አልነሣም ቢለው ተራው ያልፈዋል። ሁለት ሜትር መጠጋት፣ መቆም፣ እንደገና ሁለት ሜትር። የፊተኛው ጭስ በእርስዎ መስኮት ይገባል፤ የእርስዎ ደግሞ በኋለኛው። በሦስተኛው ቀን መሪው ላይ ተደፉ፤ ጡሩምባው ሳያቋርጥ ጮኸ፤ ሹፌሮቹ ሊሰድቡዎት መጥተው ነው ተሸክመው ያወረዱዎት። ሐኪሙ "ሲጋራ ስንት ዓመት አጨሱ?" ሲልዎ "እኔ አላጨስኩም፤ የሚያጨሰው መኪናዬ ነው" ብለው አሳቁት። እኔ አልሳቅሁም። እርስዎ ለምርመራ ደም ሊሰጡ ሲወጡ ሐኪሙ ለብቻዬ ምን እንዳለኝ እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም። "ሌላ አንድ ዓመት ሰልፍ ላይ ከቆዩ እኔ ጋ በማመላለስ ባታደክሟቸው ይሻላል" ነው ያለኝ።

እንግዲህ ስሕተቴን ልንገርዎ፤ ይሳቁብኝ።

ሃያ ሰባት ዓመት ገበያ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። ማሾ ሳይበጠር፣ ሽንኩርት ገለባው ሳይራገፍ፣ በሬ ሳይታጠብ ለሚያይ ሰው አላቀርብም። የመንግሥት ሰዎች ሊያዩት ነው ሲባል ሸጋውንም እንደዚያው አደረግሁት። ረቡዕ ጥር ስድስት ኑዕማን ጋራዥ አስገባሁት። ዘይቱ ይቀየር፣ ከጎማ እስከ ጣሪያ ይታጠብ፣ የተንጠለጠለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ይታሰር አልኩት። ከዚህ ሌላ አላዘዝኩም። ኑዕማን "እትዬ፣ ለማን ሠርግ ነው?" አለኝ። ለራሱ ነው አልኩት። ማታ ልወስደው ስመጣ ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሆኗል። ደስ አለኝ። ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ብዬ አንድም ጆንያ ሳልጭንበት ባዶውን ወደ ኮምቦልቻ ይዘነው ሄድን።

ሐሙስ ጧት አሥራ አራት መኪና ተሰልፏል። አሥራ ሦስቱ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ይመስላሉ፤ የእኛ ያብለጨልጫል። የምትለካው ፍሬሕይወት የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ጸጉሯን በሻሽ አስራ። ቱቦውን ጭስ መውጫው ውስጥ ከተተች፤ ሐሚድ ነዳጁን ረገጠ፤ ቁጥሩን አየች። እንደገና አስረገጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እናቴ፣ ይሄ እኮ ጤነኛ ነው። ምን በደለና ይቆረጣል?" አለችኝ።

ከኋላዬ ሳቁ ሲፈነዳ ይታይዎ። ከሁሉ በላይ የሳቀው የአጣዬው አብዱልወሃብ ነው፤ ያ ጭነት ነጋዴ፣ ሆዱ መሪ የሚነካው። "ወይ ዙልፋ! ሰው በሬውን ሽቶ ቀብቶ ቄራ ያመጣል?" አለ። የእሱ መኪና ከእኔ በፊት ተለክቶ አልፏል፤ ጭሱ ከጭንቅላቱ ላይ ገና አልተበተነም። የምርመራው ዙር የሚዘጋው በማግስቱ ዓርብ ስድስት ሰዓት ነው። ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሸጋው ታጥቦ፣ ዘይት ጠጥቶ ሮቢት ከተመለሰ እርስዎም ይመለሳሉ። ሌላ ምንም አልታየኝም፤ ያ ሰልፍና ያ ጡሩምባ ብቻ።

ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። አብዱልወሃብ ሳቁን ጨርሶ መጣና አዘነልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የአየር ማጣሪያው ላይ ጨርቅ ወትፊበት። እንደ እርጥብ እንጨት ይጨስልሻል። ሁሉም የሚያደርገው ነው" አለኝ። አይሆንም አልኩት። ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ጋሼ፤ ማሾ ላይ አሸዋ ቀላቅሎ ያመጣብኝን ሰው ሁለተኛ ሚዛኔ ላይ አላወጣሁም፤ እነሱም ከያዙኝ ስሜን ሁለተኛ መዝገባቸው ላይ አያወጡትም። "እንግዲያ ሙሽራሽን ይዘሽ ግቢ" ብሎ ትቶኝ ሄደ።

ሥራ ስፈታ የማደርገውን አደረግሁ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መመሪያ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ሁለት ገጽ ነው። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ "ምርመራው መኪናው በመደበኛነት በሚሠራበት ሁኔታ ይከናወናል" ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ መሐንዲሷን ጠርቼ "ልጄ፣ ይህ መኪና ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ባዶውን ሠርቶ አያውቅም። ባዶውን የሚሠራ መኪና ምን ይበላል? ወደ ላይ የእኔን ማሾ፣ ወደ ታች የሌላ ነጋዴ ማዳበሪያ ነው የሚጭነው። እናንተ የለካችሁት ዕረፍቱን ነው" አልኳት። ቁጥር ሰባትን አነበበችው። ፊቷን ቋጠር አድርጋ ወደ አለቃዋ ገባች፤ ብዙ ቆየች። ስትወጣ "ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት ሙሉ ጭነት ጭኖ ከመጣ ዳገቱ ላይ እለካዋለሁ። ካልመጣ ግን እናቴ፣ እኔም ምንም አላደርግልሽም" አለችኝ።

ጭነቱ ሮቢት ነው ያለው። በአንድ ሌሊት ማሾ ጭኖ መመለስ አይታሰብም። እዚያው ማን ጭነት አለው ብዬ ሳስብ አብዱልወሃብ ትዝ አለኝ። የእሱ መኪና ተፈርዶበታል፤ ሁለተኛ ጭነት አይነካም። አጣዬ የሚያወርደው ሁለት መቶ ኩንታል ማዳበሪያ ግን መጋዘን ውስጥ መኪና አጥቶ ተቀምጧል። ሄጄ ላድርስልህ አልኩት። አፉን ከፍቶ አየኝና "ከቄራ በር ላይ ሥራ አገኘሽ? አንቺስ ቀብርሽ ላይም ድለላ አትተዪም!" አለኝ። እንደዚያም ብሎ ጫኞቹን ራሱ ጠርቶ ነው ያስጫነልኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ነው።

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ ሸጋው ሁለት መቶ ኩንታሉን ተሸክሞ ከግቢው ዳገት ግርጌ ቆመ። የጁምዓ ሰዓት ቀርቧል፤ ሰው ሁሉ ሰዓቱን እያየ ነው። ፍሬሕይወት ቱቦዋን አስገባች። ሐሚድ ቢስሚላህ ብሎ ረገጠ።

ጋሼ፣ ያንን ጭስ እርስዎ ሺህ ጊዜ አይተውታል። በመስተዋት ነው ያዩት፤ እኔ ግን ከኋላ ቆሜ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። መጀመሪያ ግራጫ ሆኖ ወጣ፤ ዳገቱን ሲጀምር ጠቆረ፤ ከዚያ የመጋዘኑ በር አልታይ አለ። መሐንዲሷ አፏን ሸፍና እያሳለች ቁጥሩን ጻፈች፤ አውራ ጣቷን ቀና አደረገችልኝ። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። አብዱልወሃብ "ሙሽራው ተገለጠ!" ብሎ ጮኸ። እኔም አጨበጨብኩ። ወዲያው እጄን አወረድኩ። ያጨበጨብኩለት ነገር ሃያ ሁለት ዓመት እርስዎ ደረት ውስጥ ሲገባ የኖረው ነው።

ወረቀቱን ስትፈርምልኝ ፍሬሕይወት አንድ ነገር አለችኝ። "ነዳጅ የሚረጩት ኖዝሎች አዲስ ናቸው፤ ስድስቱም። የነዳጅ ፖምፓውም ተስተካክሏል። ለዚህ ነው ባዶውን ያታለለኝ። ሸክም ሲመጣ ግን ፒስተኑ ዕድሜውን ተናገረ። እናቴ፣ ለሚቆረጥ መኪና ይህን ያህል ማን ያወጣል?" አለች። እኔ አላስገባሁም አልኳት። እውነቴን ነው።

ማዳበሪያውን ቅዳሜ አጣዬ አወረድን። ሸጋው የመጨረሻ ጭነቱን ያደረሰው እዚያ ነው፤ አንድም ከረጢት አልተቀደደም። ሐሚድ መኪናውን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ሲመለስ እኔ በአውቶብስ ሮቢት ወረድኩ። እሑድ ኑዕማን ጋ ሄድኩና የኖዝሎቹን ዋጋ ስንት ነው አልኩት። "ተከፍሏል እትዬ" አለኝ። ማን ከፈለው ስለው አንድ አይሱዙ ሥር ገብቶ ተኛ። ቆሜ ጠበቅሁት። ከሥር ሆኖ "የጋሼ ሳልስ ተሻላቸው? ረቡዕ ሲደውሉ አላናግር ብሏቸው ነበር እኮ" አለ። ቀጥሎም "አሥራ ሰባት ቁልፍ አቀብዪኝ" አለኝ። አቀብዬው ወጣሁ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም። እርስዎንም አልጠይቅም።

ማክሰኞ ሲቆርጡት ከኋላ ነው የጀመሩት። ኖዝሎቹን ላውጣ ብዬ ጠየቅሁ፤ ሞተሩ እንዳለ ነው የሚወገደው አሉኝ። ስድስት አዲስ ኖዝል አብሮ ሄደ። የገዛቸው ሰው ከልቡ ነው የገዛቸው፤ አላህ በሌላ ይካሰው። ሰው የሚወደውን ነገር ላለማጣት የሚችለውን ሁሉ ቢያደርግ አልፈርድበትም። እኔም ያደረግሁት እሱኑ ነው።

አለቅሳለሁ ብዬ ነጠላዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ አላለቀስኩም። ሐሚድ ነው ያለቀሰው። እኔ ሻንሲው ለሁለት ሲከፈል ከትከሻዬ ላይ አንድ ነገር ወረደልኝ። በአውቶብስ ስመለስ ከሐርቡ እስከ ሰንበቴ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ አፌን ከፍቼ ተኝቼ ነበር አሉ። ከመጋቢት ወዲህ እንደዚያ የተኛሁበትን ቀን አላስታውስም።

አሁን ስለሚመጣው። አዲሱ መኪና ከሁለት ወር በኋላ ይገባል ብለዋል፤ እኔ አራት ብዬ ይዤዋለሁ። በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለ፤ የጣርማ በርን ዳገት ስወጣ ቢያልቅብኝ ማን ይገፋልኛል ብላቸው ሳቁብኝ፤ ስለዚህ ጭስ ማጣሪያ ያለውን ናፍጣ መረጥኩ። ሊብሬው በእርስዎ ስም ነው የሚወጣው። ሹፌሩን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት፤ ሐሚድ ይሁን ሌላ፣ እኔ አልገባበትም። ይፈትኑት፣ ይገሥጹት፣ ካልወደዱትም ያባርሩት። እርስዎ ግን መሪ አይዙም። ይህን አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ሁለተኛ አልጽፈውም።

ሥራ ፈትቼ አልቀመጥም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሚዛን ቤቱ ዓይን ያለው ሰው ይፈልጋል። ዛሬ ጧት እንኳ ጠጠር ያለበትን አራት ኩንታል እኔ ባልደርስ ኖሮ ሠራተኞቹ ተቀብለውት ነበር። እርስዎ ጆንያውን ከላይ ሲጫኑት ውስጡን ያውቁታል። ማበጠሪያውን ወደ ጓሮ አዛውሬዋለሁ፤ አቧራው ፊት ለፊት አይደርስም። ሁለት መስኮትም አስከፍቻለሁ። መንገዱ ከዚያ ሆነው ይታይዎታል፤ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እየተቹ መዋል ይችላሉ።

ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ጀሪካንዎን መኪናው ከመቆረጡ በፊት ከሥሩ ፈትቼ አምጥቻለሁ። ቢጫው። አጥቤ ውሃ ሞልቼበታለሁ። አዲሱ ላይ የት እንደሚታሰር ሐሚድ ሊያሳየኝ ሞከረ፤ ጋሼ ያሳዩናል ብዬ ከለከልኩት።

ረመዳን ሳይገባ ይምጡ፤ ያሉትን ቀን አልቀየርኩም። ለመንዳት ሳይሆን ለማፍጠር ይምጡ። ፈሪሃን ይሳሙልኝ፤ ደረጃውን ስድስት ጊዜ አርፈው ከሆነ የሚወጡት ስድስት ይበሉኝ፤ አራት አይበሉኝ። አላህ ትንፋሽዎን እንደ ጥንቱ ረጅም ያድርግልዎ፤ ከሮቢት እስከ ኮምቦልቻ ሳያቋርጡ መንዙማ ያንጎራጉሩ እንደነበረበት ዘመን። ቁጣዎን ከእነ ሳሉ እዚያው ትተውልኝ ይምጡ።

የእርስዎው፣ ሳታስፈቅድዎ የሰነበተችው
ታናሽ እህትዎ

ነገ፦ ደብዳቤውን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደው ለተመስገን አውቶብስ መስጠት። ታርጋውን ለትራንስፖርት ቢሮ መመለስ፣ የፊቱንም የኋላውንም። የሚዛን ቤቱን ወንበር አናጢ ጋ ወስዶ መደገፊያ ማሠራት።